በግል ማሽን የለመድነው ልማድ በጋራ ሰርቨር ላይ ምን ይሁን?

ጥቁር መስኮት (ሐዋሳ)

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ባለች አነስተኛ ቢሮ ውስጥ አራት ሆነን አንድ የሊኑክስ ሰርቨር በጋራ እንጠቀማለን። አራታችንም ውሏችን ተርሚናል ላይ፣ ማለትም ትእዛዝ እየጻፍን በምንሠራበት መስኮት ላይ ነው፤ ነገር ግን አጠቃቀማችን ለየቅል ነው። ዛሬ የምጽፈው ባለፈው ሳምንት የደረሰውን ነገር ለመናገርና ከዚያ የተነሣውን ክርክር ለእናንተ ለማቅረብ ነው።

በራሴ ላፕቶፕ ላይ «አርኤም» የሚለው ትእዛዝ እያንዳንዱን ፋይል ከማጥፋቱ በፊት እንዲጠይቀኝ ካደረግሁት ስድስት ዓመት ሆኖታል። ትእዛዜን በሚቀበለው ሼል፣ በባሽ ማዋቀሪያ ፋይሌ ውስጥ «አርኤም» ስል «አርኤም ሰረዝ አይ» (እየጠየቅህ አጥፋ) ማለቴ እንደሆነ የምትናገር አንዲት የአሊያስ (የምትክ ስም) መስመር አለች። ከጊዜ ብዛት ግን ይህ ጥያቄ ጥንቃቄ መሆኑ ቀርቶ የሥራዬ አካል ሆነ፤ አንድ ፎልደር ውስጥ እገባና «አርኤም ኮከብ» (ኮከቡ በፎልደሩ ያለውን ፋይል ሁሉ ማለት ነው) ብዬ ኢንተር እመታለሁ፣ ከዚያም የፋይሎቹ ስም በየተራ ሲመጣልኝ የማልፈልገውን በ«ዋይ»፣ የምፈልገውን በ«ኤን» እየመለስሁ እለያለሁ። ማጥፊያውን እንደ መምረጫ ዝርዝር እጠቀምበት ነበር ማለት ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በጋራው አካውንት ሰርቨሩ ላይ ገብቼ ያንኑ አደረግሁ። ኢንተር መታሁ፤ ጥያቄ አልመጣም። ፕሮምፕቱ (ትእዛዝ የሚጠብቀው የመስመር ምልክት) ወዲያው ተመለሰ፣ ጠቋሚዋም በቦታዋ ብልጭ ድርግም ማለቷን ቀጠለች። የፋይሎቹን ስም ለማየት «ኤልኤስ» ብዬ ስጽፍ አንድም ስም አልወጣም። በዚያ ፎልደር ውስጥ የነበሩት የአንድ ደንበኛችን የአድራሻ መዝገቦች ነበሩ። የሌሊቱ ባክአፕ ስለነበረ አብዛኛው ተመልሷል፤ ባልደረባዬ ከጠዋት ጀምራ ስታርመው የዋለችው ግን ስላልተመለሰ፣ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብላ እንደገና ሠርታዋለች፤ እኔም አብሬያት አምሽቻለሁ።

በማግሥቱ ስንነጋገር ሐሳባችን ተከፋፈለ። አንዱ ባልደረባችን አንድ ማዋቀሪያ ተዘጋጅቶ ሁላችንም በእሱ ብቻ እንድንሠራ ይፈልጋል። ሌላው ሰርቨሩ ምንም ሳይነካካ እንደተጫነ ይቅር ባይ ነው። ባልደረባዬ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው የየራሱ አካውንት ኖሮት እንደለመደው ይሥራ ትላለች። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? የምትጠቀሙበትን ስም ብቻ ሳይሆን እጃችሁ ለምን እንደዚያ እንደለመደ ብትነግሩኝ እጅግ እጠቀማለሁ።

የሌሊት ተረኛ (አዳማ)

ወንድሜ፣ ባልደረባዎ ለደገመችው ሥራ ከልብ አዝናለሁ፤ የደረሰውን ሳይሸፋፍኑ ማቅረብዎንም አከብራለሁ።

እኔ አዳማ ሆኜ የሌሎች ሰዎችን ሰርቨሮች እጠብቃለሁ፤ በአንድ ሌሊት አሥር ያህል ማሽኖች ውስጥ ገብቼ እወጣለሁ። አንዱ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው፣ ሌላው ሬድ ሃት የተባለው ዘመድ ነው፣ አንዳንዱም ከተጫነ በኋላ ማንም አስታውሶት የማያውቅ አሮጌ ማሽን ነው። ስለዚህ በየትኛውም ማሽን ላይ የማላገኘውን ነገር እጄን ላለማስለመድ ከወሰንሁ ቆይቻለሁ። አሊያስ የለኝም። ባለቀለም ፕሮምፕት የለኝም። የምጽፈው በ«ቪአይ» ነው፤ ይህም ከሌሎቹ አስበልጬ ስለምወደው ሳይሆን ሊኑክስንና መሰሎቹን በሚመለከተው በፖዚክስ መስፈርት ውስጥ የተጻፈ አርታዒ ስለሆነና በምገባበት ሁሉ ስለማገኘው ነው።

የእርስዎ ጉዳይ ግን ከዚህም ጠለቅ ያለ ነገር አለው። አደገኛ ትእዛዝን በራሱ ስም ለዘብ ማድረግ እጅን ያታልላል። እጅ የሚያስታውሰው «አርኤም» የሚለውን ቃል ነው፤ ከኋላው ያለችውን የአሊያስ መስመር አያስታውስም። በሬድ ሃት ቤተሰብ ማሽኖች ላይ የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ተጠቃሚ ማዋቀሪያ ይህችኑ አሊያስ ይዞ ይመጣል፤ በኡቡንቱ ላይ ግን አይመጣም፤ ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው እርስዎ የወደቁበት ጉድጓድ ዘወትር ከፊቱ አለ። የሚጠይቅ ማጥፊያ ከፈለጉ ሌላ ስም ይስጡት። ያን ጊዜ አዲሱ ስም በሌለበት ማሽን ላይ የሚያገኙት መልስ «እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም» የሚል ብቻ ይሆናል፤ ፋይልዎ በቦታው ይቆያል።

የእኔን ልማድ ልንገርዎ። ከማጥፋቴ በፊት ሁልጊዜ በዚያው ኮከብና በዚያው ስም «ኤልኤስ» እላለሁ። የሚወጣውን ዝርዝር አነባለሁ። ከዚያ የላይ ቀስቷን እጫናለሁ፣ በኮንትሮልና ኤ ወደ መስመሩ መጀመሪያ እሄዳለሁ፣ በኦልትና ዲ «ኤልኤስ» የሚለውን ቃል አነሣለሁ፣ በቦታውም «አርኤም» እጽፋለሁ። አራት ሰከንድ ይወስዳል። ያየሁትና የማጠፋው አንድ መሆኑን የማረጋግጥበት ሌላ የተሻለ መንገድ እስካሁን አላገኘሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሊኑክስ የወረሳቸው የዩኒክስ ትእዛዞች እንዲህ ያጠሩት፣ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብስ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1969 ከጀመሩ በኋላ የሚጽፉበት የቴሌታይፕ መሣሪያ በሰከንድ 10 ፊደል ብቻ የሚያትም፣ ቁልፉም የሚከብድ ስለነበር ነው። ያ መሣሪያ ዛሬ የለም፤ ስለዚህ በእጄ ስጽፍ አጭሩን ምርጫ (እንደ «ሰረዝ አይ» ያለውን) ብጠቀምም፣ በስክሪፕት ውስጥ ግን ረጅሙን ምርጫ ሙሉ ስሙን እጽፋለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ተረኛ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያነበዋልና።

ፊደል ቆጣሪ (ሐዋሳ)

የሌሊት ተረኛ ያሉትን በአክብሮት አነበብሁ፤ ስለ ማጥፊያው ትእዛዝ ያሉትንም ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። «አሊያስ የለኝም» የሚለውን ግን ለሁላችንም እንደ መመሪያ ልቀበለው አልችልም፤ ምክንያቱም አንዳንዶቻችን የምንሠራው ሥራ ዩኒክስ ሲፈጠር ያልታሰበ ሥራ ነው።

እኔ የማጸዳው የአማርኛ መረጃ ነው፦ የስም ዝርዝር፣ አድራሻ፣ ማኅደር። አንድ ምሳሌ በቅርብ ላሳያችሁ። ከአንድ መዝገብ ውስጥ የከተማችንን ነዋሪዎች ለማውጣት ቃል ፈላጊውን ትእዛዝ ግሬፕን «ሐዋሳ» ብዬ ጠየቅሁት፤ ከጠበቅሁት ግማሹን እንኳ አላመጣም። ፋይሉን ገልጬ ሳየው አንዱ ጸሐፊ «ሀዋሳ» ብሏል፣ ሌላው «ሃዋሳ» ብሏል፣ ቀድሞ የለመደው ደግሞ «አዋሳ» ብሎ ትቶታል። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ከተማ ነው፤ ለግሬፕ ግን አራት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። አዳማም ከዚህ አታመልጥም፤ በዚያው መዝገብ ውስጥ «አዳማ»፣ «ናዝሬት» እና «ናዝሪት» ጎን ለጎን ተጽፈው አግኝቻለሁ።

ስለዚህ «ፈልግ» የሚል ስም የሰጠሁት አጭር የባሽ ፈንክሽን ጻፍሁ። የምሰጠውን ቃል ተቀብሎ፣ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ሁሉ በቅንፍ ይተካቸዋል፤ «ሰ» ባለበት «ሰ» ወይም «ሠ»፣ «ጸ» ባለበት «ጸ» ወይም «ፀ» ብሎ፣ የ«ሀ»ንና የ«አ»ን ዘመዶችም አሰልፎ ለግሬፕ ያቀርባል። የ«ሰ» እና የ«ጸ» ወገኖች ሰባት ሰባት መስመር ወስደዋል፤ በ«ሀ» እና በ«አ» ግን ግእዙና ራብዑ አንድ ድምፅ ስለሆኑ ስድስት ስድስት በቅተዋል፤ በድምሩ 26 መስመር ነው። እነዚህ 26 መስመሮች ስለ ፊደላችን የማውቀውን ተሸክመውልኛል። ባዶ ሼል ላይ ሥሪ ብባል ያንን እውቀት በየቀኑ እንደ አዲስ በእጄ መጻፍ ሊኖርብኝ ነው።

ሌላም ልማድ አለኝ። የፊደል ብዛት ስቆጥር በ«ደብልዩሲ» ላይ «ሰረዝ ሲ» የሚለውን አልጠቀምም። «ሐዋሳ» የሚለውን ቃል በ«ኤኮ» ልካችሁ በ«ሰረዝ ሲ» ብትቆጥሩት 10 ይላችኋል፤ በ«ሰረዝ ኤም» ብትቆጥሩት 4 ይላችኋል። የመጀመሪያው የሚቆጥረው ባይት ነው፤ የእኛ ፊደል፣ ፊደላትን ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚይዝ ሦስቱ ፊደላት 9 ይሆናሉ፣ «ኤኮ» የሚጨምረው የመስመር መጨረሻ ደግሞ አንድ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው ሁለቱ ትእዛዞች ስለማይለያዩበት የፈለገውን ሊለምድ ይችላል። እኛ ግን የመምረጥ ነፃነት የለንም፤ በስህተት የለመደ ሰው ሪፖርቱ ሁሉ ሦስት እጥፍ ይሆንበታል።

የሌሊት ተረኛ (አዳማ)

እህቴ፣ ትክክል ነዎት፤ ስለ ሥራዎ ጠባይ ሳላስብ ጠቅልዬ ተናግሬአለሁ። ቢሆንም ፈንክሽንዎ ከራስዎ ማሽን ሲወጣ የሚገጥመውን አንድ ነገር ልጠቁምዎ፤ ምናልባት ገና አልደረሰብዎት ይሆናል።

በአነስተኛ አኳኋን በተጫኑ ሰርቨሮች ላይ የቋንቋው ቅንብር ብዙ ጊዜ «ሲ» ተብሎ ይቀራል። በዚያ ቅንብር ግሬፕ የሚያየው ባይትን እንጂ ፊደልን አይደለም። ያን ጊዜ በቅንፍ ውስጥ ለ«ሀ» ያስቀመጧቸው ስድስት ፊደላት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ፊደላት መሆናቸው ይቀርና የተበታተኑ ባይቶች ይሆናሉ፤ ከመካከላቸው አንዷ ብቻ ከ«ዋሳ» በፊት ብትገኝ ይበቃዋል። የ«ሀ» የመጨረሻ ባይትና የ«ቀ» የመጨረሻ ባይት አንድ ስለሆኑ «ቀዋሳ» የሚል ቃል ቢኖር እሱንም ይዞ ይመጣል። የተገኘውን ብቻ አውጣ ብለው «ሰረዝ ኦ» ቢጨምሩበት ደግሞ ከፊቱ የተቆረጠ ግማሽ ፊደል ያወጣልዎታል። በቅንፍ ፈንታ በሰፊው የግሬፕ አጻጻፍ አማራጮቹን በቁም መስመር እየለዩ፣ ማለትም «ሀ ወይም ሃ ወይም ሐ» በሚል መንገድ ቢያቀርቧቸው በሁለቱም ቅንብር አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል።

ለመደርደሪያው ትእዛዝ ለ«ሶርት» ግን ያ የምንሸሸው «ሲ» ይጠቅመናል። በዩኒኮድ ውስጥ ፊደሎቻችን የተደረደሩት በሀ ለ ሐ መ ቅደም ተከተል ስለሆነና የባይቱ ቅደም ተከተልም ይህንኑ ስለሚከተል፣ በዚያ ቅንብር የተደረደረ ዝርዝር ልክ እንደ ፊደል ገበታው ሆኖ ይወጣል። እኔ በአማርኛ መዝገብ ላይ ስሠራ ይህን ቅንብር ከትእዛዙ ፊት ለዚያች ለአንዲት መስመር ብቻ እጽፈዋለሁ።

ፊደል ቆጣሪ (ሐዋሳ)

እግዜር ይስጥልኝ። አሁን በሰርቨሩ ላይ ሞከርሁት፤ እንዳሉት ግማሽ ፊደል አወጣ። 26ቱንም መስመሮች ዛሬ ማታ እቀይራቸዋለሁ።

ሁለት ሼል (ሐዋሳ)

በማክ ላፕቶፕ እየሠራሁ ወደ ሊኑክስ ሰርቨር የምገባ ሰው ስለሆንሁ ልዩነቱን በየቀኑ አየዋለሁ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ካታሊና ከተባለው እትም ጀምሮ መደበኛውን ሼል ከባሽ ወደ ዚሼል ቀይሮታል። ዚሼል «አርኤም ኮከብ» ሲባል ምንም ማዋቀሪያ ሳይጻፍለት በፎልደሩ ያሉትን ሁሉ ለማጥፋት እርግጠኛ መሆንህን አንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ባሽ አይጠይቅም። ስለዚህ የጥቁር መስኮት ችግር አሊያስ ጽፎ በማያውቅ ሰውም ላይ ሊደርስ የሚችል ነው። ዚሼል ከኮከቡ ጋር የሚገጥም ፋይል ሲያጣም ስህተት ነው ብሎ ይቆማል፤ ባሽ ግን ኮከቡን እንዳለ ለትእዛዙ ያሳልፈዋል። እኔ መቆሙን እመርጣለሁ።

ሌላው ያስቸገረኝ «ሴድ» ነው። ፋይሉን በቦታው ለማረም «ሰረዝ አይ» ስል የሊኑክሱ ዝም ብሎ ይሠራል፤ የማኩ ግን የመጠባበቂያ ቅጂ ቅጥያ ካልሰጡት የሚቀጥለውን ቃል እንደ ቅጥያ ይወስደዋል። አሁን በሁለቱም ላይ ውጤቱን ወደ አዲስ ፋይል መጻፍና በኋላ ስሙን መቀየር ለምጃለሁ።

አሮጌው ተርሚናል (አዳማ)

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ደስ እያለኝ ተከታተልሁት። ለብዙ ዓመታት አዳማ ውስጥ ይህንን ትምህርት ሳስተምር ስለቆየሁ፣ ልማድ ከየት እንደሚመጣ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ሰው ምርጫዬ ነው የሚለው አብዛኛው ነገር መጀመሪያ የተማረበት መሣሪያ አሻራ ነው። «ቪአይ»ን እዩት። ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 በበርክሌይ ሲጽፈው የተጠቀመበት ተርሚናል ኤዲኤም 3ኤ የሚባል ነበር። በዚያ ኪቦርድ ላይ ቀስቶቹ የታተሙት በኤች፣ በጄ፣ በኬና በኤል ቁልፎች ላይ ነው፤ ኢስኬፕም የነበረው ዛሬ ታብ ባለበት፣ ትንሿ ጣት ሳትዘረጋ በምትደርስበት ቦታ ነው። ወደ መነሻ የሚመልሰው የ«ሆም» ቁልፍና «~» የሚለው ምልክትም በአንድ ቁልፍ ላይ ስለነበሩ፣ እስከ ዛሬ የቤታችንን ፎልደር በዚያው ምልክት እንጠራዋለን። አዳማ ተቀምጦ በዘመናዊ ላፕቶፕ ላይ በጄና በኬ የሚወርድና የሚወጣ ወጣት፣ አይቶት የማያውቀውን የዚያን ተርሚናል ኪቦርድ በጣቱ ይዞታል ማለት ነው።

ባሽን ደግሞ ተመልከቱ። ብራያን ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1989 ነፃ ሶፍትዌር ለሚሠራው ለግኑ ፕሮጀክት ያወጣው ሼል ነውና፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር መስመር የሚታረምበት ቁልፍ የዚያው ፕሮጀክት አርታዒ የሆነው የኢማክስ ቁልፍ ነው። የሌሊት ተረኛ ፋይል በ«ቪአይ» እየጻፉ በሼሉ መስመር ላይ ግን ኮንትሮልና ኤ የሚጫኑት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለት ልማድ በአንድ እጅ ይዘዋል። «ሴት ሰረዝ ኦ ቪአይ» ብለው ሼሉንም ወደ ቪአይ መለወጥ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም፣ ምክንያቱም በየሰርቨሩ የሚያገኙት ነባሩን ነው፤ በእሳቸው ሥራ ይህ ፍጹም ተገቢ ነው።

እኔ የኢማክስ ሰው ነኝ፤ ምክንያቴም አማርኛ ነው። ኢማክስ የራሱ የኢትዮጵያ ፊደል ማስገቢያ አብሮት ይመጣል፤ በኮንትሮልና በወደ ኋላ ባዘነበለው መስመር እከፍተዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ክፍት ሆኖ ሳለም የኮንትሮልና የኤክስ ትእዛዞቹ እንደ ወትሮው ይሠራሉ፤ ማስገቢያው የሚነካው የምጽፈውን ፊደል ብቻ ነው። ቪአይ ላይ ግን የኮምፒዩተሩን የአማርኛ ኪቦርድ ከፍታችሁ ስትጽፉ ቆይታችሁ ወደ ትእዛዝ ሁነታ (ቁልፎቹ ጽሑፍ ሳይሆን ትእዛዝ ወደሚሆኑበት) ስትመለሱ፣ «ጄ» ብላችሁ የምትጫኑት ቁልፍ «ጅ» ሆኖ ይደርሰዋል፤ ፈጽሞ አይገባውም። ተማሪዎቼ በዚህ ምክንያት ብዙ ሰዓት ሲባክንባቸው አይቻለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። ናኖ በሚባለው ቀላል አርታዒ የሚጽፈውን ጀማሪ አትናቁት። የሚጫነው ቁልፍ በስክሪኑ ግርጌ ተጽፎለታል፤ በመጀመሪያው ቀን ማዋቀሪያውን አስተካክሎ፣ አስቀምጦ፣ መውጣት ይችላል። ከቪአይ እንዴት እንደሚወጣ ጠፍቶት ተርሚናሉን የዘጋና ወደዚህ ሙያ ያልተመለሰ ተማሪ አውቃለሁ፤ አጠገቡ ቆሞ የሳቀበትንም ልጅ እንዲሁ።

ኢስኬፕ (አዳማ)

ጋሼ፣ ስለ ናኖ ያሉትን እኔም እመሰክራለሁ፤ የጀመርሁት በእሱ ነው። ከቪአይ ተስፋፍቶ ስለተሠራው ስለ ቪም ግን አንድ ነገር ልጨምር ይፍቀዱልኝ። ቪም ውስጥ «ኪማፕ» የሚባል ቅንብር አለ፤ የፊደል ካርታ አዘጋጅተው ቢሰጡት በመጻፊያው ሁነታ ላይ አማርኛውን ያስገባል፣ ወደ ትእዛዝ ሁነታ ሲመለሱ ግን ቁልፎቹ በላቲን ይቀራሉ። እኔ የምፈልጋቸውን ፊደላት በሁለት ቅዳሜ ጽፌ ከዚያ ወዲህ ኪቦርዱን መቀያየር ትቻለሁ።

ቪምን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ያለ ፋይል ሲከፈት በመግቢያው ገጽ ላይ በኡጋንዳ ያሉ ድሃ ሕፃናትን እንድንረዳ የሚጠይቅ መስመር ያወጣል። ፈጣሪው ብራም ሞሌናር ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ1991 ካወጣ በኋላ በኡጋንዳ ኪባሌ ለነበረ የሕፃናት መርጃ ሥራ ራሱን ሰጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 እስኪያርፍ ድረስ ለቪም የሚሰጠው ገንዘብ ወደዚያ እንዲሄድ አድርጓል። ያንን መስመር ባየሁ ቁጥር ይህ ሙያ ከእኛ አካባቢ ጋርም ግንኙነት እንዳለው ይሰማኛል።

በሼሉ ላይ ደግሞ የአማርኛው ኪቦርድ ክፍት ሆኖ ሳለ «ኤልኤስ» ልጽፍ ስል «ልስ» ይወጣ ነበር፤ ሼሉም አላውቀውም ይላል። «ልስ»ን የ«ኤልኤስ» አሊያስ ካደረግሁ አንድ ዓመት አልፎኛል። «ኤልኤስ» የሚያጠፋው ነገር ስለሌለ ይህኛው አሊያስ በሌላ ማሽን ላይ ባይኖርም ማንንም አይጎዳም።

የአዋሽ ልጅ (አዳማ)

ወደ ጋራው ሰርቨር እንመለስና፣ ሁላችንም ተስማምተን ልንለምደው የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር ቲሙክስ ወይም ስክሪን፣ ማለትም ግንኙነት ቢቋረጥም ሥራውን በሰርቨሩ ላይ የሚያቆይ ፕሮግራም ነው እላለሁ።

እዚህ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፣ የኢንተርኔት ማከፋፈያው ግን ወዲያው ይጠፋል፤ ወደ ሰርቨሩ የምገባበት የኤስኤስኤች ግንኙነቱም ይቋረጣል። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ የመረጃ ዝውውር ጀምሬ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ መብራት ሄዶብኝ፣ ስመለስ ሥራው ከሼሉ ጋር አብሮ ተቋርጦ አግኝቼዋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰርቨር ላይ ስገባ የምጽፈው የመጀመሪያ ቃል «ቲሙክስ» ነው። ሥራው ሰርቨሩ ላይ በተከፈተው ክፍለ ጊዜ ውስጥ ይቀጥላል፤ መብራት ሲመጣ እንደገና እገናኘዋለሁ፣ ስክሪኑም እንደተውኩት ይጠብቀኛል።

ስክሪን እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ቀዳሚ ነው፤ ቲሙክስ የመጣው በ2007 ነው። ስክሪንን የተውሁት በአንዲት ቁልፍ ምክንያት ነው። የስክሪን መጥሪያ ኮንትሮልና ኤ ነው፤ ያ ደግሞ የሌሊት ተረኛ እንዳሉት በባሽ ወደ መስመሩ መጀመሪያ የምንሄድበት ነው። በስክሪን ውስጥ እጄ ያንን ሲጫን መስመሩ ከቦታው አይንቀሳቀስም፣ የሚቀጥለው ፊደል ደግሞ ያላሰብሁትን መስኮት ይከፍታል። የቲሙክስ መጥሪያ ኮንትሮልና ቢ ነው፤ እሱ በባሽ አንድ ፊደል ወደ ኋላ የሚመልስ ቢሆንም ለዚያ ቀስቷን ስለምጠቀም አይከብደኝም።

የጋራ አካውንት ግን ተዉት። አራት ሰው በአንድ ስም ሲገባ የትእዛዝ ታሪኩ ይደባለቃል፤ ይባስ ብሎ አዲሱን ታሪክ በቀድሞው ላይ የሚያስቀጥለው «ሂስትአፔንድ» ያልበራበት ባሽ ሲዘጋ የታሪኩን ፋይል በራሱ ዝርዝር ስለሚተካው፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ከፍተው ከሆነ ኋላ የወጣው የፊተኛውን ያጠፋበታል። ማክሰኞ ዕለት ምን እንደተጻፈ ቆይቶ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሊያጣው ይችላል።

ጥቁር መስኮት (ሐዋሳ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የእርስዎን ጽሑፍ ለአራታችንም ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ።

ትናንት ተቀምጠን የጋራውን አካውንት ዘጋነው፤ ለእያንዳንዳችን የየራሳችን ተከፈተ፣ በቤት ፎልደራችን ውስጥ የምናደርገውም የየራሳችን ሆነ። ባልደረባዬ ዚሼሏን ጭናለች፣ እኔም በባሽ ቀጥያለሁ። ለሁላችን የሚሠራው ማዋቀሪያ ውስጥ የገባው ጥቂት ነው፦ በሰርቨሩ ላይ መሆናችንን የሚያሳይ ቀይ ፕሮምፕት፣ የትእዛዝ ታሪኩ ላይ ቀንና ሰዓት የሚጽፍ ቅንብር፣ የቋንቋው ቅንብር ወደ ዩቲኤፍ 8 መዞሩ፣ እንዲሁም «ኖክሎበር» የሚባለው፣ ቀድሞ ባለ ፋይል ላይ በማዞሪያ ምልክቱ ሌላ እንዳይጻፍበት የሚከለክለው ቅንብር። በመጨረሻው ላይ እስካሁን አልተስማማንም፤ አንዱ ባልደረባችን ሥራው ሁሉ ፋይል ላይ መልሶ መጻፍ ስለሆነ ለራሱ አጥፍቶታል።

«አርኤም»ን አልነካነውም። በምትኩ «ጣል» የሚል ፈንክሽን ጽፈናል፤ የተሰጠውን ፋይል በ«ኤምቪ» ወደ መጣያ ፎልደር፣ በዕለቱ ቀን ወደተሰየመ ንዑስ ፎልደር ያዛውረዋል። መጣያው እንዳይሞላ ደግሞ ከ30 ቀን በላይ የሆናቸውን ፋይሎች በ«ፋይንድ» ፈልጎ በየሌሊቱ የሚያጠፋ ሥራ፣ ትእዛዝን በተወሰነለት ሰዓት በሚያስነሣው በክሮን ላይ ለማኖር አስበናል፤ መለኪያው «ኤምታይም» ነው። የሳትነው ነገር ካለ ከመጀመራችን በፊት ንገሩን።

የሌሊት ተረኛ (አዳማ)

ወንድሜ፣ ያንን የክሮን መስመር ዛሬ ማታ አያስነሡት።

«ኤምታይም» የሚያሳየው የፋይሉ ይዘት የተለወጠበትን ቀን ነው፤ «ኤምቪ» ደግሞ ፋይሉን ሲያዛውር ያንን ቀን አይለውጠውም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ያልተነካ መዝገብ ዛሬ ከሰዓት «ጣል» ቢሉት፣ ፋይንድ ሌሊቱን ሲመጣ ዕድሜው ከ30 ቀን በላይ ሆኖ ያገኘውና ወዲያውኑ ያጠፋዋል። መጣያው የአንድ ሌሊት ዕድሜ እንኳ አይሰጠውም።

ዕድሜውን በፋይሎቹ ላይ ሳይሆን በዕለቱ ፎልደር ላይ ይለኩት። የዕለቱ ፎልደር የራሱ ቀን የሚለወጠው በውስጡ ስም ሲጨመር ወይም ሲነሣ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ፋይል ከተጣለበት ጊዜ ጀምሮ ይቆጥርልዎታል። ፋይንድ ከመጣያው አንድ ደረጃ ብቻ ወርዶ ፎልደሮችን ብቻ እንዲመለከት ወሰን ያድርጉለት። በአንድ ቀን ስማቸው አንድ የሆኑ ሁለት ፋይሎች ቢጣሉም ኋለኛው ፊተኛውን ይደመስሰዋልና፣ «ኤምቪ» በቁጥር የተለየ መጠባበቂያ እንዲያኖር የሚያደርገውን ምርጫ በ«ጣል» ውስጥ ይጨምሩበት።

የመጀመሪያውን ሳምንት ደግሞ የማጥፊያውን ቃል ከመስመሩ አንሥተው ፋይንድ ያገኛቸውን እንዲዘረዝር ብቻ ያድርጉት፤ ዝርዝሩንም ጠዋት ጠዋት ያንብቡት።

ጥቁር መስኮት (ሐዋሳ)

መስመሩን አንሥቼዋለሁ። አሁን በተባለው መንገድ ቀይሬ ዝርዝር ብቻ እንዲያወጣ አድርጌ ሞከርሁት፤ የወጣ ስም የለም፣ ምክንያቱም መጣያው ከተከፈተ ገና ሁለት ቀኑ ነው። በቀድሞው መስመር ስሞክረው ግን ባልደረባዬ ትናንት የጣለቻቸውን አሥራ ሁለት አሮጌ ፋይሎች በሙሉ ዘረዘረ።